የደራሲው ታላቅ እኅት

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ገበያ ውስጥ በርበሬ ልገዛ ቆሜ ሳለ ከጥጥ ተራ በኩል የደጋን ድምፅ ሰማሁ። ጥጥ የሚነደፍበትን ደጋን ታውቂው እንደሆነ አላውቅም። ጅማቱ ሲመታ ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ ነው የሚሰማው፤ ድም፣ ድም፣ ትንሽ ዝምታ፣ እንደገና ድም። ባለ በርበሬዋ "ስንት ኪሎ ላድርግልሽ?" ስትለኝ ፊቴን ወደ ጥጥ ተራው አዙሬ ነበር። እግሬ ማርቆስ ላይ ቆሞ እኔ ሉማሜ ነበርኩ፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ጭኔ ላይ የተከፈተ መጽሐፍ፣ ፊት ለፊቴ ነጭ ጥጥ።

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እሱ በሕይወት እያለ ከአፌ ላይወጣ ለአንዲት ሴት ምዬላቸው ነበር። እሳቸው ካረፉ ብዙ ዘመን ሆናቸው። የእሱን፣ የደራሲውን ማረፍ ደግሞ ባለፈው ክረምት፣ የተማሪዎቼን ፈተና እያረምኩ በሬዲዮ ሰማሁ። ዜና አንባቢው የመጻሕፍቱን ስም እያከታተለ ሲጠራ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ስለ እኅቱ ምንም አላለም። ከየት ያውቃል?

አባቴ ሉማሜ ላይ አውቶቡሶች ለቁርስ ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ሱቅ ነበረው። ድር፣ ጥለት፣ ክር፣ መርፌ፣ ሻማ ይሸጥ ነበር። በገበያ ቀን ደግሞ ከሴቶች እጅ የተፈተለ ማግ እየተቀበለ ከጉንደ ወይን ለሚመጡ ሸማኔዎች ያስተላልፋል። ሱቁ ውስጥ የጥጥና የሻማ ሽታ አይጠፋም። ከቀትር በኋላ በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን እንደ በትር ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በውስጡ የጥጥ ብናኝ ይንሳፈፋል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ለአስር ሰላት ወደ መስጊድ ሲሄድ ሱቁን እጠብቃለሁ።

አንድ ቀን አንዲት መንገደኛ መርፌ ልትገዛ ገብታ መጽሐፏን ባንኮኒው ላይ ረሳች። አስተውለን ስንወጣ አውቶቡሱ ወደ ማርቆስ ሄዷል። አባቴ "የሰው አደራ ነው፤ ስትመለስ ታገኘዋለች" ብሎ ከሻማ ካርቶኖቹ በላይ አስቀመጠው። ሴትዮዋ አልተመለሰችም። ሁለት ሳምንት ከጠበቅኩ በኋላ በርጩማ ላይ ወጥቼ አወረድኩት።

ከዚያ በፊት መጽሐፍ ማለት የሌላ አገር ሰው ኑሮ የሚያወራ ነገር ይመስለኝ ነበር። እዚህኛው ውስጥ ግን የኛ መረሬ መሬት ነበር፤ ጫማ ነክሶ የሚያስቀረው ጭቃ። ከአባይ በረሃ ሽቅብ የሚነፍሰው ትኩስ ነፋስ ነበር። ሰዎቹ እንደኛ ሰዎች ዙሪያውን ዞረው ዞረው ነው ወደ ጉዳያቸው የሚመጡት። የኋላ ሽፋኑን ስገለብጥ ደግሞ የደራሲው ፎቶ፤ ከሥሩም ከሉማሜ ዝቅ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ መወለዱ ተጽፏል። ያን ዕለት ምሳዬን አልበላሁም።

ያን ጊዜ ሦስት መጻሕፍት ነበሩት። ሌሎቹን ሁለቱን የአማርኛ መምህራችን አዋሰኝ። መምህሩ ወደ ደምበጫ ተዛውሮ ሲሄድ መጻሕፍቱን "ያዣቸው፤ ከእኔ ይልቅ ያንቺ ሆነዋል" ብሎ ተወልኝ። የምወዳቸውን ቦታዎች በደብተር እገለብጥ ነበር፤ ስገለብጣቸው እኔ የጻፍኳቸው ይመስለኛል። ፎቶው ላይ እስክሪብቶ በግራ እጁ ስለያዘ እኔም በግራዬ ለመጻፍ አንድ ወር ታገልኩ። ደብዳቤም እጽፍለት ነበር። "አንተ" እያልኩ፣ እንደ ወንድም፣ አንዳንዴ ከወንድምም በላይ። አድራሻውን ስለማላውቀው አንዱንም አልላክሁም።

አባቴ ከቁርኣን በቀር ሌላ መጽሐፍ ሲከፍት አይቼው አላውቅም። አንድ ቀን መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ሲያየኝ ቆየና፣

"ያልሆነውን ሆነ ብሎ የሚጽፍ ሰው ምን ይባላል?" አለኝ።

"ደራሲ" አልኩት።

"እኛ ዘንድ ሌላ ስም አለው" ብሎ ሳቀ። አልከለከለኝም ግን።

አባቴ ማግ ከሚቀበላቸው ሴቶች አንዲት ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸው ሁልጊዜ የታጠበ፣ ጥቂት የሚናገሩ እናት ነበሩ። ፈታይዋ እንላቸው ነበር። ባላቸው ሞቶ፣ ልጅ ሳይኖራቸው፣ ከገጠር ወጥተው ከባሕር ዛፉ ማዶ በአንዲት ክፍል ብቻቸውን ይኖራሉ። የሳቸው ማግ ቀጭንና እኩል ስለሆነ ሸማኔዎቹ "የሴትዮዋ ነው?" ብለው ጠይቀው ነው የሚወስዱት።

አንድ የገበያ ቀን ማጉን ይዘው ሲገቡ እኔ መጽሐፉን ፊቴ ላይ ደቅኜ አነባለሁ። ሽፋኑ ወደሳቸው ነበር። ሰላም ሳይሉኝ ቆሙ። ቀና ስል ፎቶውን እያዩ ነው።

"ይኼ ልጅ አረጀ" አሉ።

"ማን?"

"ወንድሜ ነዋ።"

መጀመሪያ የተሳሳቱ መሰለኝ። ስሙን ስጠራላቸው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። የአባታቸውን ስም ጠሩልኝ፤ ሽፋኑ ላይ ያለው ነው። ተነሥቼ ቆምኩ። እንዲያውም እጃቸውን ያዝኩ መሰለኝ፤ ምን እንዳደረግኩ በደንብ አላስታውስም። ያን ያህል ጊዜ ስናፍቀው የኖርኩት ሰው እኅት፣ በየሳምንቱ ማግ ይዘው የሚመጡት ሴት ናቸው!

እሳቸው ግን ሽፋኑን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉና "ምን ብሎ ጻፈ?" አሉኝ።

"አላነበቡትም?"

"ማንበብ የት ለምጄ፣ ዓለሜ።"

እንዲህ ነው የጀመርነው። ከትምህርት ቤት መልስ፣ አባቴ ሱቁን ከተረከበኝ በኋላ፣ ባሕር ዛፉን ተሻግሬ እሄድ ነበር። እሳቸው በራፉ ላይ ፀሐይ የምታርፍበት ቦታ ቁርበት ዘርግተው ይጠብቁኛል። አንዳንድ ቀን ጥጡን እየነደፉ አገኛቸዋለሁ፤ ስቀርብ ደጋኑን ያስቀምጡና እንዝርታቸውን ያነሣሉ፤ ለማንበብ የሚመቸው የእንዝርት ድምፅ ነው። ረመዳን ሲሆን እኔ ፊት ውኃ እንኳ አይቀምሱም ነበር። እሳቸው ሲጾሙ እኔ ለምን እንደማልጾም ጠይቀውኝ አያውቁም።

እውነቱን ልንገርሽ፤ መጀመሪያ የምሄደው ለሳቸው ብዬ አልነበረም። ለእሱ ብዬ ነው። አንድ ምዕራፍ አነብላቸውና ስለ ልጅነቱ እጠይቃለሁ። ምን ይበላ ነበር? ሲቆጣ ምን ይላል? ቆሎ ሲቆላ ያረረውን እየለቀመ ይበላ እንደነበር ነገሩኝ። እኔም ቤት ሄጄ ያረረ ቆሎ መብላት ጀመርኩ። እናቴ ሆዴን ያመመኝ መሰላት።

ቀስ በቀስ ግን እሳቸውን መስማት ለመድኩ። እንደሳቸው ያለ አድማጭ ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም። አንዷ ባለ ታሪክ ቤቷን ጥላ ስትሄድ "ይቺስ አትመለስም" ይሉኛል፤ እውነትም አትመለስም። አንድ ቦታ ላይ እሱ ከወንዙ ዳር ወይራ እንዳለ ጽፏል። "የለም፣ እዚያ ቦታ ግራር ነው። ወይራው ላይኛው መሻገሪያ ነው" አሉ። እኔ ደነገጥኩ፤ እሱ የሚሳሳት አይመስለኝም ነበር። እሳቸው ግን "ልጅ ሆኖ ስለወጣ ነው" ብለው ይቅር አሉት።

አንድ ቀን "ወንድምዎ ለምን አይመጡም?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ሥራ ይበዛበታል" አሉ። እንዝርቱ ከወትሮው ፈጥኖ ዞረ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩም።

ሦስቱንም መጻሕፍት ከመስከረም እስከ ጥር ጨረስን። ወዲያው ነበር አራተኛው መጽሐፉ መውጣቱን በሬዲዮ የሰማነው። አባቴ ድር ሊያመጣ ማርቆስ ሲሄድ ለመንኩት። ማታ ሲመለስ በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ "እንካችሁ ለእናንተ ለእብዶቹ" ብሎ ሰጠኝ፤ እኔንና ፈታይዋን ማለቱ ነው። አዲስ ወረቀት ምን እንደሚሸት ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

ብቻዬን ላንብበው አልኩ፤ አላስቻለኝም። በሁለተኛው ቀን፣ ከመሐሉ ትንሽ አለፍ ብሎ፣ አገኘኋቸው። ስማቸው የለም። ግን እሳቸው ናቸው፤ ቀጭኗ፣ ጥቂት የምትናገረው፣ የምትፈትለው ታላቅ እኅት። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ልጅ ማርቆስ ይማራል። የማትሪክ ፈተና ደርሷል። እናቱ ገጠር ታማ ተኝታለች። እኅቱ አልላከችበትም። ፈተናውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲገባ ያገኘው የተነጠፈ ሣርና የተላጩ ራሶችን ነው።

ያቺን ገጽ ዛሬም በቃሌ አውቃታለሁ። "እናቴ ስሜን ትጠራ ነበር አሉኝ። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ጠራችኝ። ታላቅ እኅቴ ግን ከአልጋዋ አጠገብ ተቀምጣ ትፈትል ነበር። ጥሪዋ ደጃችንን እንዳያልፍ ያፈነችው እሷ ናት። ቤቱን ለብቻዋ እንድትወርስ እናቴን ለብቻዋ ቀበረቻት።"

አለቀስኩ። ለማን እንዳለቀስኩ ግን አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል። ለእሱ ነው ያለቀስኩት። እጃቸውን ይዤ፣ ቆሏቸውን በልቼ፣ ግማሽ ዓመት አጠገባቸው ተቀምጬ፣ በአንድ ገጽ ጠላኋቸው። ለምን እንደማይመጣ ገባኝ አልኩ። አሥር ቀን ሙሉ ወደ ባሕር ዛፉ ማዶ አልተሻገርኩም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ወደ ሱቁ መጡ። የያዙት ማግ አልነበረም።

"ጠፋሽብኝ" አሉ።

"ፈተና ነው" አልኩ፤ አይኔን አላነሣሁም።

"አዲሱ መጥቷል አሉ።"

አባቴ ከወዲያ ሆኖ "መጥቷል እንጂ! ስታነበውም ከርማለች" አለ። ምንም የማያውቅ ሰው እንዲህ ነው የሚያጋልጥሽ። መጽሐፉን ይዤ ተከተልኳቸው።

ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው። አራት ቀን ፈጀብን። እናትየዋ የመጣችበት ምዕራፍ ላይ ስንደርስ እንዝርቱን ዝቅ አድርገው አንገታቸውን አስረዘሙ። እሱ እናቱን የጻፈበት ቦታ እስከዛሬ ካነበብኩት ሁሉ የሚበልጥብኝ ነው። እህል ስታበጥር ሰፌዱ የሚያሰማው ድምፅ፣ ስትስቅ አፏን በክንዷ መሸፈኗ፣ ስትጠራው የስሙን መጨረሻ የምታረዝምበት ዜማ። ፈታይዋ "እሷ ናት" አሉ፤ ለራሳቸው እንጂ ለእኔ አልነበረም። ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ ንዴቴን አሳሳብኝ። ከሁለት ገጽ በኋላ የሚመጣውን እኔ አውቃለሁ፤ እሳቸው አያውቁም።

ያቺ ገጽ ደረሰች። አንብቢ የሚል ሐሳብ ነበረኝ፤ "ይስሙት፤ ይገባቸዋል" የሚል። አይኔን ሳነሣ ግን ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ እንደ ልጅ ጉልበታቸውን አቅፈው ይጠብቁኛል። አልቻልኩም። ገጹን እያየሁ ሌላ ነገር ከአፌ ወጣ።

"ታላቅ እኅቴ ወዲያው መልእክተኛ ላከችብኝ" አልኩ። "መልእክተኛው ግን ጨሞጋ ወንዝ ላይ ጎርፍ ሞልቶበት ሁለት ቀን..."

"ጎርፍ?" አሉ።

ጣቴን ወደሚቀጥለው መስመር አወረድኩ።

"በግንቦት ምን ጎርፍ አለ፣ ዓለሜ?"

"እንዲህ ነው የሚለው" አልኩ።

"ይኼ የሱ አይደለም። እሱ እንዲህ አይናገርም። አይዞሽ፤ የራሱን አንብቢልኝ።"

አነበብኩላቸው። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው። "ለብቻዋ ቀበረቻት" የሚለው ላይ ስደርስ ከባሕር ዛፉ በኩል ነፋስ መጣና ቁርበቱ ላይ የነበረውን የተነደፈ ጥጥ፣ ባዘቶውን፣ በታተነው። እኔ ልሰበስብ ስነሣ "ተይው" አሉኝ። መንገዱ ላይ አንድ የጭነት መኪና እያቃሰተ ዳገቱን ሲወጣ ይሰማል። ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቁ።

"የታመመችው በግንቦት መባቻ ነው" አሉ። "ፈተናው ሊደርስበት ነው። 'ልላክበት?' ብላት 'ብትልኪበት የጠባሽው ጡቴ ይፍረድብሽ' አለችኝ። 'ከፈተናው ከቀረ ዕድሜውን ሞፈር ነው የሚይዘው። ሲጨርስ ትነግሪዋለሽ። እኔ ማለቴን ግን እንዳትነግሪው፤ ልቡ ይቆረጣል' አለች። እሺ አልኩ። ምን ልበል?"

"መፍተሉስ?"

"የሱ ጋቢ ነው። አዲስ አበባ ሲገባ ብርድ እንዳይመታው እሷ ናት ያስጀመረችኝ። እንዝርቱ ሲዞር ስትሰማ ይቀላታል። ሳቆም ትነቃለች።"

ተነሥቼ ቆምኩ። "ታዲያ ወንድምዎ ዋሽተዋል!" አልኩ። ስለ እሱ እንዲህ እላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

"አልዋሸም" አሉ። "ተቀመጪ።"

ተቀመጥኩ።

"ሁሉን አልነገርኩሽም። በስድስተኛው ቀን መሐላውን ራሷ ረስታው ነበር። 'ልጄ መጣ?' ትለኛለች። 'ደጁ ላይ ነው?' ትለኛለች። ያን ቀን ብልክ ይደርስ ነበር። አልላክሁም። መሐላ አለብኝ አልኩ። ግን መሐላው ብቻ አይደለም። እኔ አጠገቧ እየዋልኩ ዕድሜዋን ሙሉ የምትጠራው እሱን ነው። እነዚያን ቀናት ግን ውኃ የማቀምሳት እኔ፣ የማገላብጣት እኔ። ስትፈራ እጇን የምትሰጠው ለእኔ ነው። ለብቻዬ ፈለግኋት። ቤቱንማ ምን አደርገዋለሁ? የሣር ቤት ነው፤ በዚያው ክረምት ፈረሰ።" ከጉልበታቸው ላይ አንዲት የጥጥ ብናኝ አነሡና "እቺን 'ለብቻዋ' የምትለዋን ቃል ከየት አገኛት?" አሉ። "እኔ ለማንም፣ ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም።"

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። እሱ የጻፈው ውሸት ቢሆን እንደገና እሳቸውን እወድና እሱን እጠላ ነበር፤ ያ ቀላል ነው። እሳቸው ግን ያን አልፈቀዱልኝም።

"ያቺን የፊተኛዋን ድገሚልኝ" አሉኝ። "እናቴን ያወጣባትን።"

ደገምኩላቸው። ሰፌዱን፣ ሳቋን፣ የጥሪዋን ዜማ። ሲያልቅ "እንደገና" አሉ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ላይ ፀሐይዋ ከበራፉ ለቃ ግድግዳው ላይ ወጥታ ነበር። "አሳምሮ ነው ያወጣት" አሉ። "እኔ ሁልጊዜ አስባታለሁ እንጂ እንዲህ አድርጌ መናገር አልችልም።"

ልሄድ ስነሣ "ለወንድምዎ ልጻፍላቸው" አልኩ። "አድራሻቸውን አዲሱ መጽሐፍ ላይ አውጥተውታል። 'እኅትዎን ያስማሏቸው እናታችሁ ናቸው' ብዬ ልጻፍላቸው።"

እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ። ጣታቸው ከጥጡ የተነሣ ለስላሳ ነበር፤ ጉልበቱ ግን አስደነገጠኝ።

"አትጽፊም። እኔ ላይ ተናዶ ነው እዚህ የደረሰው። እናትህ ናት ካልሽው የሚናደደው በማን ላይ ነው? በእናቱ ላይ? እንዲህ አድርጎ የጻፋትን?" አሉ። "እሱ በሕይወት እያለ ከአፍሽ እንዳይወጣ። ማዪልኝ።"

"ወላሂ አልናገርም" አልኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደብዳቤ አልጻፍኩለትም። በደብተሬ "አንተ" ብዬ ልጀምር እስክሪብቶ ሳነሣ እጄ ይቆማል። መጻሕፍቱን ማንበብ ግን አልተውኩም። እንዲያውም አብዝቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ አነባበቤ ነው የተለወጠው። እያንዳንዱ ክፉ ሰው ገጽ ላይ ሲመጣ ቆም እልና ይህችስ የማን እኅት ትሆን እላለሁ። አሁንም ተማሪዎቼ ፊት መጽሐፍ ስከፍት ይሄው ልማድ አብሮኝ አለ።

ፈታይዋ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ቆዩ። እኔ ማርቆስ ኮሌጅ ገብቼ ነበር። መስከረም ላይ ለእረፍት ስመጣ ታመው አገኘኋቸው፤ ከሳምንት አላለፉም። የቀብራቸው ዕለት አባቴና እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ከጎረቤቶቻችን ጋር ቆመን ሸኘናቸው። እናቴ ንፍሮ ቀቅላ ወደ ድንኳኑ ላከች።

እሱ የመጣው በማግስቱ ነው። ከቀትር በፊት ከአዲስ አበባ በሚመጣው አውቶቡስ ወረደ። ሳየው ወዲያው አወቅኩት፤ ፎቶው ላይ ከማውቀው ያጠረ፣ ፀጉሩ የነጣ፣ አንድ ትከሻው ዘንበል ያለ ሰው ነው። ሴቶቹ ሲያዩት እንደ አዲስ አለቀሱ። እሱ በድንኳኑ መግቢያ ላይ ቆሞ ጫማውን ያይ ነበር። ያን ሰው አንድ ቀን ባገኘው የምለውን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ስሸመድድ የኖርኩ ነኝ። አንዱም ትዝ አላለኝም።

ትንሽ ቆይቶ ከጎረቤቶቹ አንዷን አንድ ነገር ጠየቃት። እሷም ወደ እኔ ጠቆመች። ተነሥቶ መጣ። ከድንኳኑ ወጥተን የእሾህ ቅጥሩ ጋ ቆምን።

"መጽሐፍ ታነብላት የነበረች ልጅ አለች አሉኝ። አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

"የትኛውን አነበብሽላት?"

"ሁሉንም።"

"አራተኛውንም?"

"አራተኛውንም።"

በእጁ ቅጥሩን ያዘ። እሾሁ ሲወጋው አየሁ፤ እሱ ግን አልለቀቀውም።

"እስከ መጨረሻው ሰማችው?"

"እስከ መጨረሻው ሰምተውታል።"

"ምን አለች?"

ሁሉም ነገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ የእናትየዋ መሐላ፣ ጋቢው፣ ስድስተኛው ቀን። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ያ ሰው የሚድን መሰለኝ። ወዲያውም ያው ዓረፍተ ነገር የሚገድለው መሰለኝ። ያን ጊዜ ለመምረጥ ዕድሜዬ አልደረሰም ነበር፤ ዛሬም የደረሰ አይመስለኝም። ስለዚህ ራሳቸው ያሉትን ብቻ ነገርኩት።

"'አልዋሸም' አሉ" አልኩት። "'እናቴን አሳምሮ ነው ያወጣት' አሉ። እናትዎን የጻፉባትን ቦታ ሦስት ጊዜ አስደግመውኛል።"

"ስለ ራሷስ?"

"ስለ ራሳቸው ምንም አላሉም።"

"ምንም?"

"ምንም።"

ከድንኳኑ ውስጥ አንዲት ሴት የሟቿን ሙያ እያነሣች ታለቅስ ነበር፤ የማጋቸውን ቅጥነት፣ የእጃቸውን ቅንነት።

"ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር" አለ።

ከዚያ የእኔን ነገር ጠየቀኝ። የት እንደምማር፣ ምን ልሆን እንደማስብ። መምህርት ልሆን ነው አልኩት። መጻሕፍቱን እወዳቸው እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። የስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ ሲመጣ ሰዎቹ እንዲያድር ለመኑት። አይሆንም አለ። አባቴ እጁን ጨብጦ "አላህ ያጥናዎት" አለው። እሱም አጎንብሶ ተቀበለ። በመስኮቱ በኩል ሳየው ፊቱን ወደ ቆላው፣ ወደ ተወለደባት ቀበሌ አዙሮ ነበር፤ አውቶቡሱ ግን ወደ ሌላው አቅጣጫ ነው የሚሄደው።

ከዚያ በኋላ ሁለት መጻሕፍት አሳተመ። የመጀመሪያው ሲወጣ አስተማሪ ሆኜ ነበር፤ በገዛሁበት ቀን ከመጻሕፍት ቤቱ ደጃፍ ቆሜ ነው መገላበጥ የጀመርኩት። እናቶች አሉበት፣ ወንድሞች፣ ጎረቤቶች፣ አንድ መነኩሴ፣ አንድ ሾፌር። እኅት የለችበትም። ሁለተኛው፣ የመጨረሻው፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ወጣ። ሰባት ልጆች ስላሉት ትልቅ ቤተሰብ የሚያወራ ወፍራም መጽሐፍ ነው። ሰባቱም ወንዶች ናቸው። ያን መጽሐፍ አንድ እሑድ ከጠዋት ጀምሬ ከቀትር በኋላ ጨረስኩት። ከዚያ ወደ ፊተኛው ገጽ ተመለስኩ፤ ምናልባት አልፌያት ይሆናል ብዬ በየመስመሩ ጣቴን እያስኬድኩ እንደገና ጀመርኩ።